አገር ዝናብ ሲለምን የከፈትኩት ጣሪያ

ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚገባው በበር ነው። እኔ የሥራ ዘመኔን ሙሉ የገባሁት በጣሪያ ነው። መስጊድም፣ ትምህርት ቤትም፣ ወፍጮ ቤትም እንደዚያው። አማቴ እንኳ መጀመሪያ ያዩኝ የገዛ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ነው። «ይህስ ከሰማይ የተላከልን ነው» ብለው ልጃቸውን ሰጡኝ። ጠባዬን ካወቁ በኋላ ግን ወደመጣሁበት ሊመልሱኝ ብዙ ደክመዋል።

ቆርቆሮ መቺ ነበርኩ። ሐይቅ ከተማ ዝናብ ሲወርድ ከራሳችሁ በላይ የምትሰሙት ያ ሁሉ ጫጫታ ግማሹ የእጄ ሥራ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ያስተማሩኝ ሰው ሥራ ነው። ባለፈው ክረምት ጉልበቴ ሥራውን ለቀቀ፤ እኔም ተከትዬው ለቀቅኩ። ዛሬ ከተቀመጥኩበት ስነሣ ጉልበቴ ከመንቋቋቱ የተነሣ ጎረቤቴ በሯ የተንኳኳ መስሏት «ማነው?» ትላለች። አሁን ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጅም ጣሪያ አላት፤ ሸራ ስለሆነ ሚስማር አይፈልግም እንጂ። እኔም ከሥሩ ቁጭ ብዬ ሌሎች የመቱትን ቆርቆሮ እየተቸሁ እውላለሁ።

ተሳፋሪ ደግሞ አያስቀምጥም። «የገበያዋ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነገር በአንተ ጊዜ ነው አሉ?» ይለኛል። አዎ፣ በኔ ጊዜ ነው። ሁሉም ግማሹን ሰምቶ ይወርድና ቀሪውን ራሱ ጨምሮ ያወራል። እኔ በሕይወት እያለሁ ሌላ ሰው ስለኔ ሲዋሽ ማየት አልወድም፤ መዋሸት ካለበት ባለቤቱ አለ። ስለዚህ ሙሉውን እጽፈዋለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይማም ናቸው። ገበያው ጥግ ላይ ባልዲ፣ ኩራዝና አሸንዳ የሚሠሩባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ከሐይቅ እስከ አምባሰል፣ ወዲያም እስከ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባሉት መንደሮች እሳቸው ያልረገጡት ጣሪያ ቢኖር የሣር ክዳን ብቻ ነው። መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ያለብሳሉ፤ «ማልበስ» ነው የሚሉት፣ መክደን አይሉም። «ድስት ነው የሚከደነው» ይላሉ።

መሰላል ላይ ወጥተው ጣሪያውን ከመርገጣቸው በፊት «አሰላሙ አለይኩም» ይላሉ። ለቆርቆሮው ነው። አንድ ቀን ምነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሰው ሁሉ ከሥሩ ነው የሚኖረው፤ የበላይ ደግሞ ሰላምታ ይወዳል» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይም ያው ናቸው። የደብሩ አለቃ መምሬ ተክሌ አብሮ አደጋቸው ስለሆኑ ከታች ሆነው «ወአለይኩም ሰላም» ብለው ይመልሱላቸው ነበር። መጀመሪያ ቀን ይህን ስሰማ ከሳቄ ብዛት ከመሰላል ልወርድ ነበር፤ ያውም በራሴ።

ሁለተኛው ጠባያቸው ያፈሳል የተባለ ጣሪያ ላይ በደረቅ ቀን አለመውጣታቸው ነው። ዝናብ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሲመጣ ሁሉም ሰው ወደየቤቱ ይሮጣል፤ እሳቸው ወደ ሰው ቤት ይሮጣሉ። ምልክት ማድረጊያ ከሰል ይዘው ይገቡና መሐል ወለል ላይ ቁጭ ይላሉ። ባለቤቲቱ «ጋሼ፣ የሚያፈሰው እዚህ ጋ ነው» ብላ ባልዲዋን ታሳያለች። እሳቸው ባልዲውን አያዩትም። ዓይናቸው ማገሩን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ይቆማል። «ውሃ ሌባ ነው፤ በገባበት አይወጣም» ይሉኛል። እውነትም ክንድ ሙሉ ሽቅብ ሄደን ስናይ አንዲት ሚስማር የቆርቆሮው ጉድጓድ ላይ ተመትታ ትገኛለች። ሚስማር ጉብታው ላይ ነው የሚመታው፤ ውሃ በጉድጓዱ ነዋ የሚሄደው። ይህን የማያውቅ ሰው የመታውን ጣሪያ ካያችሁ ወንፊት ገዝታችሁ ራሳችሁ ላይ ብትደፉ ይቀላችኋል።

ሦስተኛውን ጠባያቸውን እኔ ነኝ ያፈረስኩት። «የምትዘጋውን ያህል ክፈት» ይሉ ነበር። ጠዋት የነቀልከውን ቆርቆሮ ከሰዓት መልሰህ ካልመታህ፣ ጣሪያውን ሳይሆን ዕጣህን ነው የከፈትከው።

እሳቸው እርጅና ተጭኗቸው በሱቃቸው ሲወሰኑ ሥራውን እኔ ያዝኩት። ስንቱን አለቃ አየሁ። አንዱ የትምህርት ቤት ግንባታ ኃላፊ ሚስማር እንዲተርፈው አንዱን ዘሎ አንዱን ብቻ አስመታኝ፤ በመጀመሪያው ነፋስ ጣሪያው ተነሥቶ እንደ አሞራ በከተማው ላይ ዞረ። ከሁሉ የከፋችው አለቃዬ ግን ጅዳ ነበረች። አምባሰል ላይ ለወላጆቿ ቤት የምታሠራ ልጅ ናት፤ አባቷ ስልኩን በኢሞ ከፍተው እንደ ፋኖስ ወደ ላይ ያነሡልኛል፣ እሷም ከዚያ ከባሕሩ ማዶ ሆና «አቦ፣ ሦስተኛዋ ሚስማር ጠምማለች» ትለኛለች። ወላሂ ጠምማ ነበር። ከአለቃ ሁሉ የምፈራው እስከ ዛሬ እሷን ነው።

ወደ ገበያዋ ቤተ ክርስቲያን ልመለስ።

እንግዳ ሰው መጥቶ ሲያያት አሮጌ ክብ ቤት፣ አሮጌ የድንጋይ አጥር፣ አሮጌ ጥዶች ነው የሚያየው። ከላይ ለሚያያት ግን ሌላ ናት። ጉልላቷ ሥር ተቀምጬ ምሳዬን ስበላ ከተማው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ይታየኝ ነበር፤ ሁሉም መንገድ በእሷ አጥር ሥር ያልፋል። ገበያው የሚጠለለው በአጥሯ ጥላ ነው። ቲማቲም ሻጯ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ሕፃን የምታስተኛው እዚያው ግንቡ ሥር ነው። ደወሏ ቄሱን ለቅዳሴ ሲቀሰቅስ የደሴን ሚኒባስ ሾፌርም አብሮ ይቀሰቅሳል። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ፣ በገበያ ቀን ልጅ የጠፋባት እናት ማንም ሳይነግራት በቀጥታ ወደ ደጀ ሰላሙ ትሮጣለች። የጠፋ ልጅ ያገኘም ሰው፣ ስሙ መሐመድ ይሁን ገብሬ ሳይጠይቅ፣ ወስዶ እዚያ ያስቀምጠዋል። ዘበኛው ቆሎ ይሰጠዋል። ከላይ ሆኜ ስንቷን እናት በዚያ በር ስትገባ እያለቀሰች፣ ስትወጣ ልጇን በቂጡ እየመታች አይቻለሁ። ይህን እያየሁ አፌ ውስጥ የያዝኩትን ሚስማር ረስቼ ልውጥ የደረስኩበት ቀን ነበር።

ታዲያ የዚህችን ቤት ጣሪያ በኃላፊነት እንድሠራ ሰበካ ጉባኤው ሲጠራኝ ቁመቴ ጨመረ። በስተሰሜን ያለው ማገር በስብሷል፣ ቆርቆሮው ዝጓል፤ የንግሥ በዓሉም ደርሷል። ታቦቱ በመቃኞ፣ ማለትም ለጊዜው በተሠራች ትንሽ ማረፊያ ቤት እንዲቆይ ተደረገ። መጻሕፍቱም ንዋያቱም ወጡ። ሊወጣ ያልቻለ አንድ ነገር ነበር፤ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የጥንት ሥዕል። በጨርቅ ላይ ተሥሎ ከግድግዳው ጋር በሙጫ የተያያዘ ስለሆነ ላንቀሳቅሰው ቢሉ ይፈረካከሳል። መምሬ ተክሌ ወደ ቅድስቱ አስገብተው አሳዩኝ። መልአኩ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል፣ ዓይኑ ትልቅ፤ የትም ብትቆም ያይሃል። ከእግሩ ሥር ነጭ የለበሰ ሰው በደረቱ ተዘርግቶ ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርጓል። ያ ሰው ሥዕሉን በዚያ ጥንት ዘመን ያሣለው ነው።

«ልጄ፣ ጣሪያው ቢፈርስ ይሠራል» አሉኝ መምሬ፤ «ይህ ግን የሣለውም የለ፣ የሚስለውም የለ።»

«አብሽሩ አባቴ» አልኳቸው። ኧረ እንዴት ያለ አብሽሩ ነበር። ያን ቃል ዛሬ ድረስ ስናገር ጥርሴን ያመኛል።

ያን ዓመት በልግ ቀርቶ ነበር። የተዘራው በአፈር ውስጥ እንዳለ ቀረ፤ ሐይቁ ከዳሩ እየሸሸ ጭቃውን ትቶልን ሄደ። አገሩ ሁሉ ዝናብ ለመነ። መምሬና ካህናቱ ምሕላ ይዘው ቤተ ክርስቲያኗን እየዞሩ እግዚኦ ይላሉ፤ ሼሆቹ ከጀመዓቸው ጋር ሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ ዱዓ ተቀምጠዋል። ለንግሥ የማይሄድ ክርስቲያን፣ ለጁምዓ የማይሄድ ሙስሊም ያን ሰሞን አልቀረም። የከተማው ሰካራም እንኳ ብርጭቆውን ወደ ሰማይ አንሥቶ «ይህንንም ሙላልን» ይል ነበር።

በዚህ መሐል ነው እኔ የሰሜኑን ጎን ሙሉ በሙሉ የከፈትኩት። በዓሉ እየደረሰ ነው፣ ሰማዩ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፣ ደመና የሚባል ነገር ስሙም ተረስቷል። ትንሽ ትንሽ እየከፈቱ መዝጋት ሥራ አያስኬድም አልኩና፣ ከጉልላቱ ሥር እስከ ታችኛው ክፈፍ ድረስ ነቃቅዬ አወረድኩት። የገበያ ቀን ነበር። ጋሽ ይማም ከሱቃቸው በራፍ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። ከዘራቸውን ይዘው አጥሩ ድረስ መጡ።

«አንተ ሰውዬ» አሉኝ ከታች፤ «ይህን ሁሉ ዛሬ ልትዘጋው ነው?»

«ነገ እዘጋዋለሁ ጋሼ።»

«ዛሬ አገሩ ምን እያደረገ ነው?»

«ዝናብ እየለመነ ነው።»

«አንተስ?»

«እኔማ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ይህ ሁሉ ሰው የሚጮኸው ለማን መስሎህ ነው? ለግድግዳ?»

ከላይ ያለ ሰው ይታበያል፤ የከፍታ ጠባይ ነው። «ጋሼ» አልኳቸው እየሳቅኩ፣ «ይህን ያህል ተለምኖ ያልመጣ ዝናብ ዛሬ ከሰዓት አይመጣም።»

ተመልሰው ሱቃቸው በራፍ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ አምባሰል ተራራ አዞሩ። ከጀርባቸው እንኳ እየተቀየሙኝ እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

ምሳ በልቼ ተመልሼ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ሐይቁን ነው፤ ሰማያዊነቱን ጥሎ እንደ ጥቁር ድንጋይ ሆኗል። ቀና ስል አምባሰል የለም። ተራራው ሙሉ የለም፤ ደመና ውጦታል፣ ደመናውም እየመጣ ነው። እኔ ዘንድ ያለው ሸራ አንድ ብቻ ነው፤ ለክፍቱ ቦታ መሐረብ ታህል ነበር። ከሥሬ የመቅደሱ ራስ ክፍት፣ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያ መልአክ ክንፉን እንደዘረጋ ቆሟል። ከዚህ ወደ ውስጥ ወርጄ መግባት አልችልም፤ ታቦት ቢወጣም መቅደስ መቅደስ ነው፣ እንደኔ ያለ ሰው አይረግጠውም። በቅድስቱ በኩል ብገባስ ምን አባቴ ላደርግ፤ ግድግዳ ተሸክሜ አልወጣ። ከተራራው በኩል የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ገበያው በሙሉ እልል አለ። እኔ ብቻ ነኝ በዚህ አገር ያን ዝናብ የጠላሁት።

ጋሽ ይማም ተነሡ። ሱቃቸው በራፍ ላይ የተገለበጠ በርሜል ነበር፤ እንዴት እንደወጡ አላየሁም፣ እዚያ ላይ ቆመው አየኋቸው። ጮክ ብለው እንኳ አልተናገሩም።

«ጀመዓ» አሉ፤ «ዝናባችን መጥቷል። የጎረቤታችን ቤት ክፍት ነው። ሸራ ያለው።»

ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው በርበሬ ሻጯ እቴ ዘሐራ ናት። በምላሷ የምትታወቅ ሴት ናት፤ ከእሷ ጋር ተጣልቶ አሸንፎ የሄደ ሰው ገና አልተወለደም። በርበሬዋ ተቆልሎ፣ ከላዩ ትልቅ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። ተነሥታ ሸራውን ከነገመዱ ነቀለችው።

«ኧረ በርበሬሽ» አላት አንዱ።

«በርበሬ ይደርቃል» አለች። ከዚያ ወደኔ ቀና ብላ፣ «እኛ ዝናብ ስንለምን አንተ ደጅ ከፍተህ ጠበቅኸው? እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይ አይቼ አላውቅም። በል ያዝ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፍ አይበቃኝም፤ የኔ አፍ ደግሞ እንደምታውቁት ትንሽ አይደለም። ገበያው ራሱን ገፈፈ። የጨው ሻጩ ሸራ መጣ፣ የልብስ ነጋዴው መጣ፣ የእህል በረንዳው ትልቁ ሸራ በሰው ጀርባ ላይ እንደ ዘንዶ እየተጎተተ መጣ። ጨው ዝናብ እየመታው ቀረ፤ ጤፍ ዝናብ እየመታው ቀረ። መሰላሉ ሥር ጋሽ ይማም ቆመው አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፦ «ጫማ አውልቅ። ጫማ አውልቅ። ወደ ታች አትይ።» የከተማው ጫማ ሁሉ እዚያ የተከመረ መሰለኝ።

ሙሔ የሚባል ከሪያድ የተመለሰ ሰው አለ፤ እዚያ የፎቅ መወጣጫ ላይ ሲሠራ ነው የኖረ። እንደ ጦጣ ወጥቶ አጠገቤ ተከሰተ።

«እዚያ ስንወጣ ቀበቶ ያስሩልን ነበር» አለኝ ገመዱን በጥርሱ ይዞ፤ «እዚህ በምን ልታሰር?»

«በዱዓ» አልኩት።

«እሱማ ዛሬ ተቀባይነት አግኝቶ እየወረደ ነው፤ በእሱስ ባልታሰር» አለና ቀጠለ። ገመድ አስተሳሰሩን ያን ቀን ከእሱ ተማርኩ፤ ሸራውን በሸራ ላይ አንድ ክንድ እያስደረበ፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ እየጎተተ፣ ውሃው ከላይኛው ወደ ታችኛው እንዲወርድ አደረገው። ልክ እንደ ቆርቆሮ።

ዝናቡ ግን አልጠበቀንም። ወረደ ማለት አይገልጸውም፤ ሐይቁ ከተኛበት ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ነው የመሰለኝ። የመጨረሻውን ሸራ ሳንወጥር አንድ ጥግ በኩል ውሃው ገባ። ሲገባ ሰማሁት። በዕድሜዬ ስንት ጣሪያ ሲያፈስ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፣ ምክንያቱም የሚወርደው ምን ላይ እንደሆነ አውቅ ነበር። መምሬ ተክሌና ዲያቆናቱ ከምሕላው ሮጠው ገብተዋል። ጋቢያቸውን አውልቀው ሥዕሉ ላይ ደግፈው፣ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ግድግዳውን ታቅፈው ቆሙ። እኛ ከላይ፣ እነሱ ከሥር፤ በመሐል ያ መልአክ።

አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁት። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ባለ መስመር፣ የስልክ ማስታወቂያ ያለበት፣ በርበሬ የቀላ፣ ዱቄት የነጣ። በዳር በዳሩ ገመድ የያዙ ሰዎች ተደርድረዋል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፣ ሁሉም ረጥቧል። ከሥራቸው ሴቶች ለዝናቡ እልል ይላሉ። እኔ ሃያ ዓይነት ቀልድ ሁልጊዜ አፌ ላይ ያለኝ ሰው፣ ያን ጊዜ አንድም አልመጣልኝ። ገመዴን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ዝናብ ነው ብዬ እንዳላስተባብል ደግሞ ሙሔ አጠገቤ ሆኖ ያየኛል።

ሲያባራ መምሬ ተክሌ ወጡ። ጢማቸው ይንጠባጠባል። ሁሉም ጠበቃቸው፤ መሰላሉ ሥር ጋሽ ይማም፣ አጥሩ ላይ እቴ ዘሐራ።

«ተርፏል» አሉ። ሰው ሁሉ ሲንሾካሾክ እጃቸውን አነሡ። «አንድ ነገር ግን ጠፍቷል። ያ ከታች ተኝቶ የነበረው ሰውዬ… ፊቱ ታጥቧል።»

ገብቼ አየሁት። መልአኩ እንዳለ ነው። ሰውየው ልብሱም፣ የተዘረጉት እጆቹም አሉ፤ ፊቱ ብቻ የለም። አፈር የመሰለ ባዶ ቦታ፣ ቀና እንዳለ። ስሙም ከአጠገቡ ለማንበብ በሚያስቸግር ቀጭን ፊደል ተጽፎ ነበር፤ እሱም ሄዷል። አሮጌ ቆርቆሮ ቢቀደድ አዲስ ይመታል። ስንት መቶ ዓመት ወደ ላይ ሲያይ የኖረን ሰው ፊት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ አጥፍቼ፣ ምን አምጥቼ ልተካ?

መምሬ ትከሻዬን ያዙኝ። «ለዝናቡ ተመስገን» አሉ፤ «ስለ አንተ ግን ነገ እንነጋገራለን።»

በነጋታው ሰበካ ጉባኤው ተቀመጠ። ይባረር ያሉ ነበሩ፤ እኔም ውስጤ ከእነሱ ጋር ነበር። ጋሽ ይማም ደጀ ሰላሙ ላይ በከዘራቸው ተደግፈው ውጤቱን ይጠብቁ ነበርና አንዱ ሽማግሌ «ይማም፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አላቸው። «የከፈተው ይዝጋው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዘጋሁት። ለበዓሉ አደረስኩት። በየቀኑ የምዘጋውን ያህል ብቻ እየከፈትኩ፣ እንደ መጀመሪያ ቀን ተለማማጅ። ሚስማር ስመታ እንኳ ድምፁን ቀነስኩ። ሸራዎቹን ለየባለቤቱ ሳመላልስ እቴ ዘሐራ ተቀብላ አገላብጣ አየችና፣ «ዕጣን ዕጣን ይሸታል፤ በርበሬዬን ሊያስቀድሰው ነው» አለች። ያው ግን ጠረገችና ወጠረችው።

ቀጥሎ የመጣው የፊቱ ነገር ነው። ከደሴ አንድ ሠዓሊ ተጠርቶ መጣና አየው። «እስለዋለሁ» አለ፤ «ግን የማንን ፊት?» የሰውየውን መልክ በደንብ የሚያስታውስ የለም። ዕድሜ ልካችንን እያየነው አላየነውም። አንዱ ባለጠጋ ነጋዴ ታዲያ፣ ወጪውን ችዬ የኔን መልክ ይሣሉበት የሚል ሐሳብ በሰው በሰው ላከ። መምሬ ተክሌ ሰምተው፣ «ይምጣና መጀመሪያ ዝናብ ይምታው፤ ከዚያ እንስለዋለን» አሉ። ነጋዴው አልመጣም። ፊቱም እንደታጠበ ቀረ።

ይህ ሁሉ ካለፈ ቆየ። ዘንድሮ፣ ባጃጅ ከያዝኩ በኋላ፣ ጋሽ ይማም ሱቃቸው በራፍ ላይ አስቆሙኝ። ዓይናቸው ደክሟል። «ያን ሰውዬ አሳየኝ» አሉኝ።

«የትኛውን ሰውዬ?»

«ያጠብከውን። ዕድሜዬን ሁሉ ከላዩ ኖሬ ከሥሩ ምን እንዳለ አላውቅም። ዓይኔ ሳይሄድ ልየው።»

እውነትም ጋሽ ይማም ያችን ቤት ያን ያህል ዘመን ሲያለብሱ ውስጧን አይተው አያውቁም ነበር። እኔም በበሩ ስገባ ከስንት አንዴ ነው። ሁለታችንም ባጃጇን አጥሩ ሥር አቁመን እንደ እንግዳ ሆንን። መምሬ ተክሌ ደጁ ላይ ተቀበሉን። ጋሽ ይማም ጫማቸውን አውልቀው ደፉ ላይ ቆሙና እንደ ልማዳቸው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። መምሬም መለሱ።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ በመስኮቶቹ የሚገባው ብርሃን ቀጫጭን ሆኖ አዕማዱ ላይ ይተኛል። ጋሽ ይማም መጀመሪያ ወደ ላይ አዩ፤ ከላይ የሚያውቁትን ከታች ሲያዩ አፋቸው ተከፈተ። ወራጆቹ ሁሉ ከዳር ተነሥተው መሐል ላይ ይገናኛሉ፤ ከውስጥ ሲያዩት ጣሪያ አይመስልም፣ ብዙ እጅ አንድ ነገር ወደ ላይ አንሥቶ የያዘ ነው የሚመስለው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። መልአኩ አያቸው። ከመልአኩ እግር ሥር ወዳለው ዝቅ አሉ፤ ተጠግተው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«ፊቱን አጥበህ ፎጣ እንኳ አልሰጠኸውም» አሉኝ በመጨረሻ።

መምሬ ሳቁ። ጋሽ ይማም ግን አልሳቁም፤ ወደ መምሬ ዞሩ። «ለመሆኑ ስሙ ማን ነበር?»

«ከፊቱ ጋር ሄደ፤ አባቶቻችን ያውቁት ነበር፣ እኛ ሳንጠይቅ ቀረን።»

«ታዲያ ስትጸልይለት ማን ብለህ ነው?»

«ድሮ አባቶቻችን በስሙ ይጠሩት ነበር። አሁን ‹ይህን ቤት ያለበሱ› እላለሁ።»

«ያለበሱ?» አሉ ጋሽ ይማም። «ብዙ ሰው አድርገህ?»

«አዎ፣ ብዙ አድርጌ።»

«እቴ ዘሐራም አለችበት?»

«በርበሬዋም አለበት።»

ጋሽ ይማም ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምትለው? በየቀኑ?»

«ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አላጓደልኩም፤ አንተ ይማም፣ ‹ለምን አልነገርከኝም› ትለኝ ይሆናል፤ መች ጠየቅኸኝ?»

ጋሽ ይማም ወደዚያ ፊት አልባ ሰው ሌላ አንድ ጊዜ አዩና ቀስ ብለው ወጡ። ጫማቸውን ሳደርግላቸው ትከሻዬን ተደገፉ። ባጃጇ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ አስነሣሁና ወደ ገበያው መንገድ ስታጠፍ ከኋላ ጀርባዬን መታ አደረጉኝ።

«ቀስ በል» አሉኝ። «በየቅዳሴው በጸሎት ስንጠራ የኖርን ሰዎች ነን፤ ጉድጓድ ውስጥ አትክተተን።»